ቴኖፎቪር ወይስ ኢንቴካቪር? ለዓመታት የሚወሰድ የሄፓታይተስ ቢ መድኃኒት ምርጫ

መነሻ ጽሑፍ

ጤና ይስጥልኝ። ሥር ከሰደደ ሄፓታይተስ ቢ ጋር የምትኖሩ፣ የቤተሰብ አባል የምታስታምሙ ወይም በሙያችሁ ጉዳዩን በቅርብ የምታውቁ ሁሉ ሐሳባችሁን እንድታካፍሉኝ እጠይቃለሁ። ታላቅ ወንድሜ 57 ዓመቱ ነው። ቫይረሱ በደሙ ውስጥ መኖሩን ካወቀ ብዙ ዓመት ቢያልፈውም ሕመም ስለማይሰማው ክትትሉን ችላ ብሎት ቆይቷል። ባለፈው ወር ሲመረመር ግን የቫይረሱ መጠን በአንድ ሚሊ ሊትር 320,000 ዩኒት፣ ኤኤልቲ የሚባለው የጉበት ኢንዛይም 84፣ በፋይብሮስካን የተለካው የጉበቱ ጥንካሬ ደግሞ 9.6 ኪሎ ፓስካል ሆኖ ተገኝቷል። ኢ አንቲጂን የሚባለው፣ ከቫይረሱ ወደ ደም የሚለቀቅ ፕሮቲን፣ የለውም። የኩላሊቱ የማጣራት አቅም ወደ 58 ዝቅ ብሏል። ሐኪሙ መድኃኒት መጀመር እንዳለበት፣ የሚጀምረውንም ለረጅም ዘመን፣ ምናልባትም ዕድሜ ልኩን እንደሚወስደው አስረድቶት ኢንቴካቪር ሊያዝለት አስቧል።

እኔ ግን ያነበብኩት ነገር ዕረፍት ነሣኝ። እ.ኤ.አ. በ2019 ከደቡብ ኮሪያ በወጣ ትልቅ ጥናት ቴኖፎቪር የወሰዱ ሕሙማን ኢንቴካቪር ከወሰዱት ይልቅ በጉበት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ ክኒኑ በየቀኑ ለ20 ወይም ለ30 ዓመት የሚዋጥ ከሆነ፣ ገና ከጅምሩ የተሻለውን መያዝ አይገባም ወይ? የእኔ አቋም ቴኖፎቪር ይሻላል የሚል ነው። ተሳስቼ ከሆነ አርሙኝ።

የውይይት ክሩ ከጠበቅሁት በላይ ስለረዘመ፣ ዘግይተው ለሚገቡ አንባቢዎች እንዲያመች የተሰጡትን ምላሾች በየተራቸው፣ በራሴ አገላለጽ ከዚህ በታች አስፍሬያለሁ።

1ኛ ምላሽ

የመጀመሪያው መላሽ አስቀድመው ለወንድሜ ምሕረትን ተመኙለት። እሳቸው ኢንቴካቪር መውሰድ ከጀመሩ 9 ዓመት እንደሆናቸውና ከመጀመሪያው ዓመት ማብቂያ ወዲህ ቫይረሱ በደማቸው ውስጥ ታይቶ እንደማያውቅ ገለጹ። በእሳቸው አስተያየት ሁለቱም መድኃኒቶች የቫይረሱን መራባት በማፈን ረገድ የሚበላለጡ አይደሉም። ልዩነታቸው ይበልጥ የሚታየው በአወሳሰዳቸውና በወሳጁ ሰውነት ላይ ነው። ኢንቴካቪር ምግብ ባለበት ሆድ ከተወሰደ ወደ ደም የሚገባው መጠን ስለሚቀንስ፣ ከምግብ በኋላ ቢያንስ 2 ሰዓት፣ ከሚቀጥለውም ምግብ በፊት እንዲሁ 2 ሰዓት መጠበቅ ያስፈልጋል። እሳቸው ክኒኑን የሚያስቀምጡት ሲተኙ መነጽራቸውን በሚያኖሩባት ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ መነጽራቸውን ሊያስቀምጡ እጃቸውን ሲዘረጉ ማሸጊያውን ስለሚነኩት በ9 ዓመት ውስጥ የዘለሉት ቀን በጣት የሚቆጠር ነው። ከቁጥሮቹ ሁሉ በፊት ወንድሜ የሚያነበው ይህንን ነው።

2ኛ ምላሽ

ሁለተኛዋ መላሽ የጥናት ጽሑፍ ማንበብ የለመዱ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል። እኔ የጠቀስኩት ጥናት እውነት መሆኑን፣ ከ24,000 በላይ ሕሙማንን መዝገብ የፈተሸ መሆኑን ተቀበሉ። ነገር ግን በዚያው ዓመት ከዚያው አገር የወጣ ሌላ ጥናት በሁለቱ መድኃኒቶች መካከል ልዩነት እንዳላገኘ አስታወሱኝ። ሁለቱም ጥናቶች ቀድሞ የተጻፈ መዝገብን ወደ ኋላ የተመለከቱ እንጂ ሕሙማንን በዕጣ ከፍለው የተከታተሉ አይደሉም። ቴኖፎቪር በዚያ አገር ዘግይቶ በመግባቱ፣ ኢንቴካቪር የወሰዱት ሰዎች በአብዛኛው ቀደም ባለ ዘመን የታከሙና ረዘም ላለ ጊዜ ክትትል የተደረገላቸው ናቸው፤ እንዲህ ያለውን ልዩነት በስሌት ለማስተካከል ቢሞከርም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። በኋላ የተደረጉት የጥናቶች ጥንቅሮችም እርስ በርሳቸው አልተስማሙም። ስለዚህ ይህን አንድ ግኝት ይዞ ሐኪም መሟገት እንደማይገባኝ በትሕትና፣ ግን ሳይሸፋፍኑ ነገሩኝ። አቋሜን ያላላው ይህ ምላሽ ነው።

3ኛ ምላሽ

ሦስተኛው መላሽ ስለ ኩላሊት ጻፉ፤ ያሳለፉትን የጻፉ ስለሆነም በጥሞና ነው ያነበብኩት። ቴኖፎቪር ዲሶፕሮክሲል የተባለውን የቀድሞውን ዓይነት፣ 300 ሚሊ ግራሙን፣ 6 ዓመት ወስደዋል። ቫይረሱ ጠፍቶላቸው ነበር። በአምስተኛው ዓመት ግን የእግራቸው መዳፍ አጥንት ያማቸው ጀመር። ደረጃ ሲወጡ የሚሰማቸውን ሕመም ለዕድሜ ሰጥተውት ከረሙ። በመጨረሻ ሲመረመሩ ኩላሊታቸው ፎስፌት የሚባለውን ማዕድን ይዞ ማስቀረት አቅቶት በሽንት እያፈሰሰው፣ አጥንታቸውም በዚያው ምክንያት እየሳሳ መሆኑ ታወቀ። ወደ ቴኖፎቪር አላፌናማይድ ከተዛወሩ በኋላ በወራት ውስጥ ሕመሙ ቀለላቸው።

የሁለቱን ልዩነት ሲያስረዱም፣ የቀድሞው ዓይነት ገና በደም ውስጥ እያለ ወደ ቴኖፎቪር ስለሚለወጥ ኩላሊት ብዙ መድኃኒት እንደሚያልፍበት፣ አዲሱ ግን በአመዛኙ የጉበት ሕዋስ ውስጥ ከገባ በኋላ ስለሚለወጥ በ25 ሚሊ ግራም ብቻ ተመሳሳይ ሥራ እንደሚሠራ ጻፉ። በደም ውስጥ የሚዘዋወረው የቴኖፎቪር መጠን በዚህ ምክንያት ወደ 89 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። የወንድሜ የኩላሊት ቁጥር ከ60 በታች ስለሆነም የሐኪሙ ኢንቴካቪርን መምረጥ ትርጉም ያለው ሆኖ ታይቷቸዋል።

4ኛ ምላሽ

አጭር ነበር፤ ሦስት ጥያቄ ብቻ የያዘ። ወንድሜ ከዚህ ቀደም፣ ከብዙ ዓመት በፊትም ቢሆን፣ ለሄፓታይተስ ቢ ማንኛውንም መድኃኒት ወስዶ ያውቅ እንደሆነ፣ የኤችአይቪ ምርመራ ተደርጎለት እንደሆነ፣ እንዲሁም ሄፓታይተስ ቢ ያለበትን ሰው ብቻ የሚይዘው ሌላ የጉበት ቫይረስ፣ ሄፓታይተስ ዲ፣ ታይቶለት እንደሆነ ጠየቁ። ጸሐፊዋ እነዚህ ሳይታወቁ ስለ መድኃኒት ምርጫ መነጋገር ከመሠረቱ በፊት ጣሪያ እንደ መሥራት እንደሚቆጠር ጠቅሰው ዝም አሉ።

5ኛ ምላሽ

ይህ የእኔ ነው። ወንድሜን ጠየቅሁት። ኤችአይቪም ሄፓታይተስ ዲም ተመርምሮ ነጻ መሆኑን ነገረኝ። ስለ ቀድሞ መድኃኒት ስጠይቀው ግን ትንሽ አሰበና ተነሥቶ ከቁም ሣጥኑ ታች፣ ከአሮጌ የሥራ ወረቀቶች ሥር፣ ጥጉ የተቦጨቀ የመድኃኒት ካርቶን አውጥቶ ሰጠኝ። ላሚቩዲን፣ 100 ሚሊ ግራም። በጎኑ ላይ የጀመረበትን ቀን በእስክሪፕቶ ጽፎበታል፤ ከቀኑ ሥር ለየወሩ አንድ አንድ ጭረት አስምሯል። ጭረቶቹን ቆጠርኳቸው፤ 23 ናቸው። ከዚያ በኋላ ደኅና ነኝ ብሎ በራሱ ፈቃድ አቁሟል። ለሐኪሙ ያልነገረው ሊደብቅ ፈልጎ አይደለም። የተጠየቀው አሁን የሚወስደው መድኃኒት እንዳለ ነበር፤ የለም ብሎ መለሰ፤ መልሱም እውነት ነበር። እኔም ብሆን ክሩን ስከፍት ይህን አልጠየቅሁትም ነበር። ስንትና ስንት ጽሑፍ አንብቤ ወንድሜን አንድ ጥያቄ ሳልጠይቀው መቅረቴ እስካሁን ያሳዝነኛል።

6ኛ ምላሽ

አራተኛዋ ጸሐፊ ተመለሱ፤ በዚህ ጊዜ በሰፊው ጻፉ። እኔ ከክሩ ሁሉ ትልቁን ዋጋ የምሰጠው ለዚህ ምላሽ ነው።

ላሚቩዲን እ.ኤ.አ. በ1998 ለሄፓታይተስ ቢ ሲፈቀድ በአፍ የሚወሰድ የመጀመሪያው መድኃኒት ስለነበር ታላቅ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። ችግሩ ቫይረሱ በቀላሉ የሚላመደው መሆኑ ነው። አንድ ዓመት ከወሰዱት ሰዎች ከ5ቱ በአንዱ ገደማ፣ ሁለት ዓመት ከወሰዱት ወደ 40 በመቶ በሚጠጉት፣ አምስት ዓመት ከወሰዱት ደግሞ 70 በመቶ በሚሆኑት ላይ መድኃኒቱን የተቋቋመ ቫይረስ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2002 የተከተለው አዴፎቪርም ኃይሉ ደካማ ነበር፤ ኢ አንቲጂን በሌላቸው ሕሙማን ላይ በአምስት ዓመት ውስጥ 29 በመቶ መላመድ ታይቶበታል።

ኢንቴካቪር እ.ኤ.አ. በ2005 ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። ቀድሞ ምንም ባልወሰዱ ሰዎች ላይ ከአምስት ዓመት በኋላ እንኳ መላመድ የታየው በ1.2 በመቶ ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ቫይረሱ ከመድኃኒቱ ለማምለጥ በአንድ ጊዜ በርካታ ለውጦችን ማድረግ ይኖርበታል። ላሚቩዲንን የተላመደ ቫይረስ ግን ከእነዚህ ለውጦች የመጀመሪያዎቹን አስቀድሞ አድርጓቸዋል፤ መንገዱን አጋምሶታል። በእንዲህ ዓይነት ሕሙማን ላይ፣ መጠኑ ወደ 1 ሚሊ ግራም ከፍ ተደርጎላቸውም፣ በአምስት ዓመት ውስጥ 51 በመቶ ያህሉ ኢንቴካቪርን የተላመደ ቫይረስ ተገኝቶባቸዋል። ያው አንድ መድኃኒት ነው፤ በአንዱ ሰው 1.2፣ በሌላው 51።

ጸሐፊዋ አያይዘውም፣ ወንድሜ ላሚቩዲን ካቆመ ብዙ ዓመት ስለሆነው የመላመድ ምርመራ ቢደረግ ምንም ላይታይ እንደሚችል አስጠነቀቁ። መድኃኒቱ ሲቆም የመጀመሪያው ዓይነት ቫይረስ ተመልሶ ይበዛና የተለወጠውን ይሸፍነዋል። የተለወጠው ግን በጉበት ሕዋሳት ውስጥ ተደብቆ ሊቆይና ምቹ ጊዜ ሲያገኝ ሊነሣ ይችላል። ቴኖፎቪር ላሚቩዲንን የተላመደውን ቫይረስ ያፍናል፤ እስከ ስምንት ዓመት በዘለቀው ዋናው ክትትልም ቴኖፎቪርን የተላመደ ቫይረስ መኖሩ አልተረጋገጠም። ስለዚህ ለወንድሜ ቴኖፎቪር ይሻላል የሚለው አቋሜ ትክክል ሆኖ ተገኝቷል፤ ምክንያቱ ግን እኔ ያቀረብኩት አልነበረም። ከሁለቱ የቴኖፎቪር ዓይነቶች ደግሞ ኩላሊቱ ወደ አላፌናማይድ ያመዝናል። ካርቶኑን ይዞ ሐኪሙ ዘንድ እንዲቀርብ አጥብቀው መከሩ።

7ኛ ምላሽ

እዚህ ላይ የክሩ ድምፅ ተለወጠ። ሰባተኛው መላሽ ይህ ሁሉ የዕድሜ ልክ ወሬ ሕሙማንን ከማስፈራራት ያለፈ ጥቅም እንደሌለው ጻፉ። እሳቸው ቴኖፎቪር ሦስት ዓመት ወስደው፣ ቫይረሱ ከጠፋ በኋላ ራሳቸው አቁመው፣ ይኸው አንድ ዓመት ከአራት ወር ምንም ሳይሆኑ መኖራቸውን ገለጹ። ጉበት ራሱን በራሱ የሚጠግን አካል ስለሆነ ዕረፍት ሊሰጠው ይገባል የሚል እምነት አላቸው።

8ኛ ምላሽ

ምላሹ ወዲያው መጣ፤ መራራ ነበር። እስከዚህ ድረስ ሁላችንም እርስዎ ስንባባል ነበር፤ ስምንተኛዋ ጸሐፊ ግን አንተ ብለው ጀመሩ። የእኅታቸው ባል ጉበቱ ጠባሳ እንደያዘ እየታወቀ መድኃኒቱን ያቆመው ልክ እንደዚሁ ዓይነት ምክር ሰምቶ ነው። በአራተኛው ወር ሽንቱ ጠቆረ፤ ዓይኑ ቢጫ ሆነ፤ ሆዱ ውኃ ቋጠረ። መድኃኒቱ እንደገና ቢጀመርለትም ጉበቱ ሊመለስ አልቻለም። እኅታቸው ባሏን የቀበረችበትን ነገር ዕረፍት ብሎ የሚጠራ ሰው አፉን ቢይዝ እንደሚሻል ጻፉ። አነጋገሩ የከረረ መሆኑን አልክድም፤ ሐዘናቸውን ግን ያነበበ ሁሉ ይረዳዋል።

9ኛ ምላሽ

በጤና ሙያ ላይ የተሰማሩ የሚመስሉ ጸሐፊ ገብተው ሁለቱንም ወገን በአክብሮት ለማቀራረብ ሞከሩ። መድኃኒት ማቆም ፈጽሞ የተከለከለ አይደለም፤ ሥርዓት ግን አለው። ኢ አንቲጂን የነበረበት ሰው አንቲጂኑ ጠፍቶ ፀረ እንግዳ አካሉ ከታየ፣ ቫይረሱም ካልተገኘ፣ ከዚያ በኋላ ቢያንስ 12 ወር ተጨማሪ ሕክምና ወስዶ ማቆም ሊታሰብለት ይችላል። ኢ አንቲጂን የሌለው ሰው አስተማማኝ ማቆሚያው ኤስ አንቲጂን የሚባለው የቫይረሱ የላይኛው ሽፋን ፕሮቲን ከደም ሲጠፋ ነው፤ ይህ ደግሞ በክኒን ብቻ በዓመት ከ100 ሰው አንድ እንኳ የማይሞላ የሚያገኘው ውጤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የአውሮፓ የጉበት ሐኪሞች መመሪያ፣ ቫይረሱ ለሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ታፍኖ የቆየላቸውና የጉበት ጠባሳ የሌለባቸው አንዳንድ ሕሙማን በቅርብ ክትትል እንዲያቆሙ ይፈቅዳል። ቁልፉ ያለው በቅርብ ክትትል በሚለው ላይ ነው። ጉበቱ ሲሮሲስ፣ ማለትም ሥር የሰደደ ጠባሳ፣ ለያዘው ሰው ግን ማቆም ለሕይወት የሚያሰጋ በመሆኑ ሊሞከር አይገባም።

ከዚያም ወደ ሰባተኛው ጸሐፊ ዞረው፣ ካቆሙ ወዲህ የቫይረስ መጠናቸውንና ኤኤልቲያቸውን ስንት ጊዜ እንዳስለኩ በጨዋነት ጠየቁ።

10ኛ ምላሽ

ሰባተኛው ጸሐፊ በስምንተኛዋ አነጋገር ማዘናቸውን ገልጸው፣ ሰው በጻፈው ምክንያት ሊሰደብ እንደማይገባው አሳሰቡ። ለተጠየቁት ጥያቄ የሰጡት መልስ አንድ መስመር ነበር፤ ካቆሙ ወዲህ አንድም ጊዜ አልተመረመሩም።

11ኛ እና 12ኛ ምላሾች

አንደኛው ስለ ዕፅዋት መድኃኒት ነበር፤ ብዙም አላቆየንም። ቅጠልና ሥር ቀቅለው የጠጡ ዘመዳቸው ኢንዛይሙ ወደ ቦታው እንደተመለሰለት ጻፉ። ወዲያው የመለሱላቸው ሰው ኤኤልቲ በራሱ ጊዜ ከፍ ዝቅ የሚል መሆኑን፣ መውረዱም ቫይረሱ መታፈኑን እንደማያሳይ፣ ምንነታቸው ያልታወቀ ቅይጦች ደግሞ ራሳቸው ጉበትን ሊመርዙ እንደሚችሉ አስረዱ። በዚሁ ታለፈ።

13ኛ ምላሽ

አንድ ወጣት የሚመስል ጸሐፊ፣ ሄፓታይተስ ሲ በ12 ሳምንት ክኒን ተጠራርጎ እየጠፋ ቢ ለምን ዕድሜ ልክ እንደሚያስውጥ መረዳት እንዳቃተው ገልጾ ጠየቀ። ከክሩ ርዕስ የወጣ ቢመስልም ከዋናው ጉዳይ ጋር የተያያዘ ጥያቄ ስለሆነ ደስ አለኝ።

14ኛ ምላሽ

ሁለተኛዋ መላሽ መለሱለት። ሄፓታይተስ ሲ ራሱን የሚያራባው ከሕዋሱ አስኳል ውጭ ነው፤ መራባቱ ሲቋረጥ የሚተርፍለት መሸሸጊያ የለውም። ሄፓታይተስ ቢ ግን ዘረ መሉን ወደ ጉበት ሕዋስ አስኳል አስገብቶ እንደ ቀለበት የተዘጋ ዲኤንኤ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ያ ቀለበት እንደ ማኅተም ነው፤ ከእሱ እየታተሙ አዳዲስ ቫይረሶች ይወጣሉ። ኢንቴካቪርም ሆነ ቴኖፎቪር የሚሠሩት አዲሱ ቫይረስ ዘረ መሉን በሚገነባበት ደረጃ ላይ ነው፤ ማኅተሙን ራሱን አይነኩትም። ክኒኑ ሲቆም ማኅተሙ እንደገና ማተም ይጀምራል። በዚያ ላይ የቫይረሱ ዲኤንኤ ቁርጥራጮች በሰውየው በራሱ ዘረ መል ውስጥ ተሰክተው ይቀራሉ፤ በደሙ ቫይረስ የማይታይበት ሰው ካንሰር የመያዝ ሥጋቱ የሚቀንሰው እንጂ የማይጠፋው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

15ኛ ምላሽ

ማኅተሙን የሚያጠፋ ነገር ካልተገኘ የሰውነትን መከላከያ ማንቃት ይቻላል የሚሉ አንድ ጸሐፊ ስለ ኢንተርፌሮን ተናገሩ። እሳቸው በሳምንት አንድ ጊዜ የሚወጋውን ፔግ ኢንተርፌሮን ለ48 ሳምንታት ወስደዋል። በየሳምንቱ መርፌውን በተወጉ ማግስት ትኩሳትና የሰውነት ቁርጥማት ነበረባቸው፤ ፀጉራቸው ሳስቶ ነበር፤ ከሁሉ የከፋባቸው ግን ያለ ምክንያት ይመጣባቸው የነበረው የመንፈስ ጭንቀት ነው። የመርፌው ጥቅም ሕክምናው የጊዜ ገደብ ያለው መሆኑና ኤስ አንቲጂን የማጥፋት ዕድሉ ከክኒን የተሻለ መሆኑ ነው። ያም ሆኖ ያን ውጤት የሚያገኙት ጥቂቶች ናቸው። እሳቸው አላገኙትም፤ አሁን ኢንቴካቪር ላይ ናቸው። ጉበቱ ለተዳከመ ሰው መርፌው አደገኛ መሆኑን ጨምረው ለወንድሜ እንደማይመክሩት ገለጹ።

16ኛ ምላሽ

አንዲት ነፍሰ ጡር እኅት ክሩን ከመጀመሪያው አንብበው ፍርሃታቸውን ጻፉ። የቫይረስ መጠናቸው ከ200,000 ዩኒት በላይ በመሆኑ ቴኖፎቪር ዲሶፕሮክሲል ታዝዞላቸዋል፤ የሦስተኛው ጸሐፊ የአጥንት ታሪክ ግን አስደነገጣቸው። ሦስተኛው ጸሐፊ ራሳቸው ተመልሰው አጽናኗቸው። የእሳቸው ጉዳት የመጣው ከዓመታት በኋላ፣ የሽንትና የደም ክትትልም በተጓደለበት ሁኔታ ነው። በእርግዝና ጊዜ ብዙ ልምድ ያለው ይኸው የቀድሞው ዓይነት ነው፤ ቫይረሱ ወደ ሕፃኑ እንዳይተላለፍ በጉልህ ይከላከላል። ሕፃኑ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያውን ክትባት ማግኘት እንዳለበት፣ መድኃኒቱም ጡት ከማጥባት እንደማይከለክል ሌሎች አከሉላቸው። ስምንተኛዋ ጸሐፊ ሳይቀሩ መልካም መገላገልን ተመኙላቸው፤ የክሩ መንፈስ የተመለሰው እዚህ ላይ ነው።

17ኛ ምላሽ

ዘጠነኛው ጸሐፊ፣ አላፌናማይድ በክሩ ላይ እንከን የሌለበት መድኃኒት ተደርጎ እንዳይታይ በመሥጋት አንዳንድ ማስተካከያ አቀረቡ። አዲሱና የቀድሞው ዓይነት በቀጥታ ሲነጻጸሩ፣ ኢ አንቲጂን በሌላቸው ሕሙማን ከ48 ሳምንት በኋላ ቫይረሱ የታፈነላቸው 94 እና 93 በመቶ ናቸው፤ ስለዚህ በኃይል አይበላለጡም። አዲሱ ለኩላሊትና ለአጥንት ቢራራም የደም ቅባትንና የሰውነት ክብደትን ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ለሳንባ ነቀርሳ ከሚሰጠው ሪፋምፒሲን ጋር አብሮ አይመከርም፤ ሪፋምፒሲን የመድኃኒቱን መጠን ያወርደዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች በቀዳሚነት የሚያስቀምጠው የቀድሞውን ቴኖፎቪርና ኢንቴካቪርን ሲሆን፣ ኩላሊታቸው ለተዳከመና አጥንታቸው ለሳሳ ኢንቴካቪርን ወይም አላፌናማይድን ይመርጣል። ኢንቴካቪርም ቢሆን የኩላሊት አቅም ከ50 በታች ሲወርድ መጠኑ መስተካከል አለበት።

ኤችአይቪ ላለባቸው አንባቢዎችም አንድ ነገር ጨመሩ። ለኤችአይቪ የሚወሰደው ጥምር ክኒን ብዙውን ጊዜ ቴኖፎቪር ስላለበት ሄፓታይተስ ቢንም አብሮ ያክማል። ቴኖፎቪር ወደሌለበት ሕክምና፣ ለምሳሌ በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ ወደሚወጋው የካቦቴግራቪርና የሪልፒቪሪን መርፌ ሲዛወሩ፣ ሳይታሰብ የሄፓታይተስ ቢ መድኃኒታቸው ይቋረጣል፤ ጉበታቸውም ሊቆጣ ይችላል። ኢንቴካቪር ብቻውን ለእነሱ አይሰጥም፤ ኤችአይቪ መድኃኒት እንዲላመድ ያደርጋል። አራተኛዋ ጸሐፊ ገና በመጀመሪያ ስለ ኤችአይቪ ምርመራ የጠየቁት ለዚህ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

18ኛ ምላሽ

ሰባተኛው ጸሐፊ ከአምስት ሳምንት በኋላ ተመለሱ። ማንንም ሳይወቅሱ ውጤታቸውን ብቻ ጻፉ፤ የቫይረስ መጠን 2.1 ሚሊዮን፣ ኤኤልቲ 236፤ ሕመም ግን ምንም የለም። መድኃኒታቸውን በሐኪም ትእዛዝ ዳግመኛ ጀምረዋል። ስምንተኛዋ ጸሐፊ ከሥሩ ባሰፈሩት ሁለት መስመር አንተ ብለው በመናገራቸው ይቅርታ ጠይቀው፣ በየወሩ ውጤታቸውን እዚሁ እንዲያሳውቋቸው እርስዎ ብለው ለመኗቸው።

19ኛ ምላሽ

ወንድሜ ጠይቅልኝ ያለኝን ጠየቅሁ፤ ጉበቱ ላይ የጀመረው ጠባሳ ይመለስ እንደሆነ። ሁለተኛዋ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናትን ጠቀሱልኝ። ከሕክምና በፊትና ቴኖፎቪር አምስት ዓመት ከተወሰደ በኋላ የጉበት ናሙና ከተወሰደላቸው 348 ሰዎች መካከል 96ቱ ሲጀምሩ ሲሮሲስ ነበረባቸው፤ ከእነሱም 74 በመቶው ከአምስት ዓመት በኋላ ሲሮሲስ አልታየባቸውም። ደግሞም ጉበቱ በተቆጣበት ጊዜ የሚወሰድ የፋይብሮስካን ቁጥር ከእውነተኛው ጠባሳ በላይ ሊያሳይ ስለሚችል፣ ኤኤልቲው ሲረጋጋ ምግብ ሳይበላ እንደገና እንዲለካ መከሩ።

20ኛ ምላሽ

ይህም የእኔ ነው፤ ከስድስት ወር በኋላ የተጻፈ። ወንድሜ ካርቶኑን ይዞ ሄደ። ሐኪሙ ጭረቶቹን አንድ በአንድ ቆጥሮ መዝገቡ ላይ አሰፈራቸው፤ ኢንቴካቪሩን ትቶም ቴኖፎቪር አላፌናማይድ 25 ሚሊ ግራም አዘዘለት። አሁን የቫይረሱ መጠን ከ320,000 ወደ 45 ወርዷል፤ ኤኤልቲው 33 ነው፤ የኩላሊቱ ቁጥር ባለበት ቆሟል። ፋይብሮስካኑ ሲደገም 7.8 አሳይቷል። ክኒኑን የሚውጠው ማታ መነጽሩን ሲያወልቅ ነው። አዲሱ ካርቶን ላይ የጀመረበትን ቀን እንደ ድሮው በእስክሪፕቶ ጽፏል፤ በዚህኛው ላይ እስካሁን ስድስት ጭረት አለ። የአልትራሳውንድ ቀጠሮው በየስድስት ወሩ ነው፤ የሚቀጥለው የፊታችን ሐሙስ ስለሆነ ውጤቱን ዓርብ እዚሁ እጽፋለሁ።